ከስንብቱ ይልቅ ምክንያቱ

ወታደር ሆኖ የማይሰናበት የለም። አንዱ ዘመኑን ፈጽሞ በጡረታ ይወጣል፤ ሌላው ቈስሎ ወይም ታሞ ይመለሳል፤ ሌላውም ጦርነቱ አልቆ ሠራዊቱ ሲቀነስ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ይሄዳል። ስለዚህ ከሠራዊት መሰናበት በራሱ ነውር አይደለም። ነውር ሊሆን የሚችለው በስንብቱ ወረቀት ላይ ስለ ምክንያቱ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው። መሣሪያው ለግምጃ ቤት ይመለሳል፤ የደንብ ልብሱም ያረጃል። ያ መስመር ግን ሰውየው ሥራ ሲለምን፣ ጡረታ ሲጠይቅ፣ ልጆቹም ስለ አባታቸው ሲጠየቁ እንደ ገና ይነበባል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት የጽሕፈትን ጥቅም ለማስረዳት ነው። ነገር ግን በጽሑፍ የሚወረሰው መልካሙ ነገር ብቻ አለመሆኑን ልብ ልንል ይገባናል፤ ስሕተትም በጽሑፍ ከሰፈረ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

እንግዲህ አንድ ሰው መሰናበቱን ሳይሆን የተሰናበተበትን ምክንያት ሊቃወም ቢፈልግ ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይሰማዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የሚሆነንን ታሪክ የወሰድነው ከአሜሪካ ምድር ጦር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የአንድ መኰንን ጉዳይ ከ94 ዓመት በኋላ፣ የ167 ወታደሮች ጉዳይ ደግሞ ከ66 ዓመት በኋላ እንደ ገና ተመርምሮ ስለ ተቃና፣ የመንገዱን ርዝመትና የእንቅፋቱን ዐይነት ከመዝገብ ለመከታተል ይቻላል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ ስንብት ወረቀቱ ጥቂት እንበል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ምድር ጦር ለተራ ወታደር የሚሰጠው ስንብት ሦስት ዐይነት ነበር። የመጀመሪያው የክብር ስንብት ሲሆን በታማኝነት ላገለገለ ሁሉ ይሰጣል። ሦስተኛው በውርደት መሰናበት ነው፤ ይህም የሚሆነው የጦር ፍርድ ቤት ተሰይሞ፣ ክስ ተነቦ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ጥፋተኛነቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግን «ያለ ክብር መሰናበት» ይባል ነበር። ይህ ፍርድ ቤት አያስፈልገውም፤ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ብቻ ይበቃዋል።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ይህንን የመካከለኛውን ወረቀት ነው። በፍርድ ቤት ነጻ የወጣ ሰው የነጻነቱን ፍርድ በእጁ ይይዛል። በፍርድ ቤት የተፈረደበትም ቢሆን የክሱ መዝገብ ስላለው «ይህ ምስክር ተሳስቷል፤ ይህ ሕግ ተጥሷል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በትእዛዝ ብቻ ያለ ክብር የተሰናበተ ሰው ግን ፍርድም መዝገብም የለውም። ተቀጥቷል፤ ነገር ግን አልተከሰሰም። ክስ የሌለበት ሰው ደግሞ ለየትኛው ክስ መልስ ይሰጣል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንለፍ። ሄንሪ ኦስያን ፍሊፐር በ1856 ዓ. ም. በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በቶማስቪል ከተማ ከባሪያ ወላጆች ተወለደ። የባርነት ቀንበር ከተሰበረ በኋላ በአትላንታ ተምሮ በ1873 ዓ. ም. ዌስት ፖይንት ወደሚባለው የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት ገባ። ከእርሱ በፊት የገቡት ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሊፈጽሙ አልቻሉም ነበር። ፍሊፐር ግን ከጓደኞቹ ብዙዎቹ ሊያነጋግሩት ባይፈቅዱም አራቱን ዓመት ታግሦ፣ በ1877 ዓ. ም. ከ76 ተመራቂዎች 50ኛ ሆኖ ወጣ፤ በዚህም ከትምህርት ቤቱ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። የምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ ተሰጥቶት ወታደሮቹ ጥቁሮች በነበሩት በ10ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ተመደበ። በፎርት ሲል ሳለ፣ ለወባ ምክንያት የሆነው የተኛ ውሃ የሚፈስበትን ቦይ ቀይሶ አስቈፈረ፤ ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1880 ዓ. ም. በቴክሳስ ወደሚገኘው ፎርት ዴቪስ ተዛውሮ የስንቅ ሹም ሆነ። እንግዲህ መከራው የመጣበት ከዚህ ነው። በ1881 ዓ. ም. ኮሎኔል ዊልያም ሻፍተር የምሽጉ አዛዥ ሆነው መጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍሊፐር በኀላፊነቱ ካለው የመንግሥት ገንዘብ ከ2,000 ዶላር በላይ መጕደሉን ተረዳ። ይህንን ለአለቃው በጊዜው ማስታወቅ ሲገባው ደበቀ፤ ስለ ትምህርት ቤት ኑሮው በ1878 ዓ. ም. ካሳተመው መጽሐፍ በሚያገኘው ገንዘብ ጕድለቱን እተካለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበርና። በተጠየቀም ጊዜ ገንዘቡን ልኬአለሁ አለ፤ ሒሳብ በሌለው ባንክ ላይም ከ1,400 ዶላር በላይ የሚሆን ቼክ ጽፎ አሳየ። ይህ ሁሉ ጥፋት እንደ ነበረ ማንም አይክደውም፤ እኛም አንሸፍነውም። ነገር ግን ገንዘቡን ራሱ መውሰዱ አልተረጋገጠም። የከተማው ነጋዴዎችና ወዳጆቹም አዋጥተው የጐደለውን ሁሉ ለመንግሥት መለሱ።

በ1881 ዓ. ም. መጨረሻ የጦር ፍርድ ቤት በዚያው በፎርት ዴቪስ ተሰየመ። የቀረቡት ክሶች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው 3,791 ዶላር ከ77 ሳንቲም የመንግሥት ገንዘብ አጉድሏል የሚል፣ ሁለተኛው ለመኰንንና ለጨዋ ሰው የማይገባ ሥራ ሠርቷል የሚል ነው። ሻምበል ሜሪት ባርበር የሚባሉ ነጭ መኰንን ጠበቃው ሆነው ተከራከሩለት። ፍርድ ቤቱም በመጀመሪያው ክስ ነጻ አውጥቶ፣ በሁለተኛው ጥፋተኛ ነው ሲል ከሠራዊቱ እንዲባረር ፈረደ። መዝገቡ ወደ ዋሽንግተን በተላከ ጊዜ የሠራዊቱ ዋና የሕግ ሹም ዴቪድ ስዌም ከመባረር ያነሰ ቅጣት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ቸስተር አርተር ግን ፍርዱን እንዳለ አጸኑት፤ ፍሊፐርም በ1882 ዓ. ም. ጁን 30 ቀን ከሠራዊቱ ወጣ።

እዚህ ላይ ነገሩን ለይተን እንይ። ፍርዱ ሌብነት አልነበረም አለ፤ ቅጣቱ ግን ለሌባ የሚሰጥ ቅጣት ሆነ። መዝገቡን ያልመረመረ ሰው «ገንዘብ ጐደለ፤ መኰንኑ ተባረረ» የሚለውን ብቻ ሲሰማ ምን ብሎ እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ፍሊፐር ከዚያ በኋላ ኑሮው አልተበላሸም። መሬት ቀያሽና መሐንዲስ ሆኖ በቴክሳስ፣ በአሪዞናና በሜክሲኮ ሠራ፤ የእስፓኝን ቋንቋ አጥርቶ ያውቅ ስለ ነበረ በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት የአሮጌ ርስት ጽሑፎችን ይተረጕም ነበር፤ በ1921 ዓ. ም. ደግሞ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ረዳት ሆነ። መንግሥት በሌላ በር አምኖ ይቀጥረው የነበረውን ሰው በሠራዊቱ መዝገብ ግን እንደማይታመን አድርጎ አስቀምጦት ነበር ማለት ነው።

ስሙን ለማስመለስ የነበረው መንገድ ምን ነበር? የጦር ፍርድ ቤቱ ፍርድ በፕሬዚዳንቱ ከጸና በኋላ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ፍርድ ቤት አልነበረም። የቀረው በር ኮንግረስ ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ የምክር ቤት አባል ለምኖ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ልዩ ሕግ ረቂቅ ማስቀረብ ነው። የፍሊፐር ጉዳይ በዚህ ዐይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1898 ዓ. ም. ቀረበ፤ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ሌሎች ረቂቆች ቀረቡ። አንዳቸውም ሕግ ለመሆን አልበቁም። ፍሊፐርም በ1940 ዓ. ም. በአትላንታ በ84 ዓመቱ ሞተ፤ መዝገቡም እንደ ነበረ ቀረ።

ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው የሚለየው ፍርድ ቤት ጭራሹን ያልተሰየመበት በመሆኑ ነው። 25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ከጥቁር ወታደሮች የተቋቋመና በኩባና በፊሊፒንስ የተዋጋ ጦር ነበር። ከዚህ ሬጅመንት የአንደኛው ሻለቃ ጦር ሦስት ሻምበሎች በ1906 ዓ. ም. ጁላይ መጨረሻ በቴክሳስና በሜክሲኮ ወሰን ላይ ወደምትገኘው ወደ ብራውንስቪል ከተማ መጥተው በፎርት ብራውን ሰፈሩ። የከተማው ነጮች ጥቁር ወታደሮች መምጣታቸውን አልወደዱትም ነበር። ኦገስት 13 ቀን ሌሊት በከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ አንድ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ሞተ፤ አንድ የፖሊስ ሹምም ክፉኛ ቈሰለ። የከተማው ሰዎች «የተኰሱት ወታደሮቹ ናቸው» አሉ፤ በመንገድ ላይ ወድቀው የተገኙ የሠራዊቱ ቀለሆችንም አቀረቡ። ይሁን እንጂ ጦሩን የሚያዝዙት ነጭ መኰንኖች በዚያው ሌሊት ሰዎቹን በስም ቈጥረው አንድም ያልጐደለ ሆኖ አግኝተዋቸው ነበር፤ በማግሥቱም ጠመንጃዎቻቸው ሲመረመሩ የተተኰሰበት ምልክት አልተገኘም።

የአውራጃው የከሳሾች ሸንጎ ጉዳዩን መርምሮ በማንኛውም ወታደር ላይ ክስ ለመመሥረት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊቱ ዋና ኢንስፔክተር ጄኔራል ጋርሊንግተን መጥተው ወታደሮቹን መረመሩ። አጥፊዎቹን ካላጋለጣችሁ ሁላችሁም ትሰናበታላችሁ ብለው አስጠነቀቋቸው። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ሲጠየቁ ምንም እንደማያውቁ ተናገሩ። ኢንስፔክተሩ ግን ይህንን የተቀበሉት እንደ እውነት ሳይሆን ለመደበቅ እንደ ተደረገ ስምምነት አድርገው ነው። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በፎርት ብራውን ግን ዝምታው ራሱ ወንጀል ሆኖ ተቈጠረ። የሚናገረው የሌለው ሰው ዝም ሲልና የሚደብቀው ያለው ሰው ዝም ሲል ዝምታቸው አንድ ዐይነት መሆኑን ማንም አላሰበበትም።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ዓ. ም. ኖቬምበር 5 ቀን 167 ወታደሮች ያለ ክብር እንዲሰናበቱ፣ ወደ ሠራዊቱም ዳግመኛ እንዳይገቡ፣ በመንግሥትም ሥራ እንዳይቀጠሩ አዘዙ። ትእዛዙ ለሕዝብ የተገለጠው የኮንግረስ ምርጫ ከተፈጸመ በኋላ ነበር። ሜሪ ቸርች ቴረል የተባሉት የታወቁ ጥቁር አሜሪካዊት ወደ ጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ታፍት ሄደው ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ትእዛዙ እንዲቈይ ለመኑ፤ ታፍትም ለጥቂት ጊዜ አቈዩት። ፕሬዚዳንቱ በዚያን ጊዜ ወደ ፓናማ ሄደው ነበር፤ ነገር ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ትእዛዙም ተፈጸመ። በ1907 ዓ. ም. መጀመሪያ የመንግሥት ሥራ ክልከላው ሕጋዊ ሥልጣን እንደሌለው ታውቆ ያ ክፍል ብቻ ተሻረ።

ከተሰናበቱት መካከል ሻምበል ባሻ ሚንጎ ሳንደርስ አንዱ ነበር። እርሱ በ1881 ዓ. ም. ወደ ሠራዊቱ ገብቶ ጡረታውን ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ የሩብ መቶ ዓመት አገልግሎቱ በአንድ መስመር ተሰረዘ። የጦሩ ነጭ አዛዦች ሻለቃ ፔንሮዝና ሻምበል ማክሊን ግን በ1907 ዓ. ም. በጦር ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ምስክር አሰምተው፣ ነጻ ወጡ። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው። ወታደሮቹን በሚገባ አልተቈጣጠሩም የተባሉት አዛዦች የሚከራከሩበት ችሎት አገኙ፤ ሰው ገደላችሁ ወይም ገዳይ ሸሸጋችሁ የተባሉት ወታደሮች ግን አላገኙም።

በኦሃዮ የተመረጡት ሴናተር ጆሴፍ ፎሬከር ስለ ወታደሮቹ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተሟገቱ። የምክር ቤቱ የጦር ጉዳይ ኮሚቴ በ1907 እና በ1908 ዓ. ም. ረዥም ምርመራ ካደረገ በኋላ በብዙኀኑ ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ ደገፈ፤ ፎሬከር ግን ማስረጃው ወታደሮቹን እንደማያስወነጅል በጽሑፍ ገለጡ። ከራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ጋር በመጣላታቸውም ወንበራቸውን አጡ። በ1909 ዓ. ም. በወጣ ሕግ ጡረታ የወጡ ጄኔራሎች ጉዳዩን እንዲያዩ ተደረገ፤ እነርሱም በ1910 ዓ. ም. ከ167ቱ 14ቱ ብቻ እንደ ገና ለመግባት ይችላሉ አሉ። እነዚህ 14 ሰዎች ከሌሎቹ በምን እንደ ተለዩ ግን ምክንያት አልሰጡም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስንብት ማስረጃ እንዳልነበረው ሁሉ ምሕረቱም ማስረጃ ሳይኖረው ቀረ።

እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳንሰማ ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛኑን ያጣል። አንድ የጦር አዛዥ የሚያምነውን ሰው ብቻ ይዞ መዝመት አለበት፤ ወታደር በተሰናበተ ቍጥር ሁሉ ረዥም ሙግት ይሁን ቢባል ሠራዊት ሊመራ አይቻልም የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር እውነትነት አለው። መንግሥት አገልግሎቱን የማይፈልገውን ሰው የማሰናበት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ማሰናበት አንድ ነገር ነው፤ በተሰናባቹ ስም ላይ ያልተረጋገጠ በደል መጻፍ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ ምንም ስሙን ለውጦ በአስተዳደር ቢሮ ውስጥ ቢሰጥም ማስረጃና መልስ የመስጠት ዕድል ከሌለው ፍርድ ሊባል አይችልም።

የአሜሪካ መንግሥት ይህንን ልዩነት በሕግ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። «ያለ ክብር» የሚባለው ስንብት በኋላ ቢቀርም፣ ከ1916 ዓ. ም. ጀምሮ በሰማያዊ ወረቀት የሚታተም ሌላ ስንብት ተተካ። ይህ ሰማያዊ ስንብት ክብርም ውርደትም የሌለበት ነው ይባል ነበር፤ ቀጣሪዎች ግን ከቀለሙ ብቻ ያውቁት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1941 ዓ. ም. ዲሴምበር እስከ 1945 ዓ. ም. ጁን፣ ከ48,000 በላይ ሰማያዊ ስንብት ተሰጠ። ከእነዚህም ከመቶ 22 የሚሆኑት ለጥቁር ወታደሮች የተሰጡ ነበሩ፤ እነርሱ ግን በሠራዊቱ ውስጥ ከመቶ 7 እንኳ አይሞሉም ነበር። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ይህንን በብርቱ ተቃወመ፤ ጉዳዩም በኮንግረስ ኮሚቴ ተመርምሮ ሰማያዊው ወረቀት በ1947 ዓ. ም. ተሻረ።

በዚያው ዘመን ሁለት አዳዲስ በሮች ተከፈቱ። የመጀመሪያው በ1944 ዓ. ም. ጁን 22 ቀን የጦር ተመላሾችን ለመርዳት በወጣው ሕግ የተቋቋመው የስንብት መርማሪ ቦርድ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማንኛውም የተሰናበተ ወታደር፣ እርሱም ከሞተ ሚስቱ ወይም የቅርብ ዘመዱ፣ በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ አምስት አባሎች ባሉት ቦርድ ፊት ቀርቦ የስንብቱን ዐይነትና ምክንያት ሊቃወም ይችላል፤ ጠበቃና ምስክርም ሊያቀርብ ይችላል። በጠቅላላ የጦር ፍርድ ቤት የተፈረደበትን ሰው ጉዳይ ግን ይህ ቦርድ ሊያይ አይችልም። ሁለተኛው በር የተከፈተው በ1946 ዓ. ም. ነው። ኮንግረስ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆኑ የልዩ ሕግ ልመናዎች ስለ በዙበት፣ የጦር ሚኒስትሩ ከሲቪል ሰዎች በተቋቋመ ቦርድ አማካይነት ስሕተትን እንዲያርም ወይም ከመዝገብ ግፍን እንዲያስወግድ ሥልጣን ሰጠው። ከዚህ በኋላ ተበዳዩ የምክር ቤት አባል ወዳጅ ባይኖረውም ደብዳቤ ጽፎ ሊያመለክት ቻለ።

ነገር ግን ቦርዱ ራሱ በሕግ ካልተገራ አዲስ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። በ1950ዎቹ ዓመታት የኮሚኒስት ፍርሃት በበረታ ጊዜ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ሳሉ ምንም ያላጠፉ ሁለት ወታደሮች ወደ ሠራዊቱ ሳይገቡ በፊት ነበራቸው ስለ ተባለው የፖለቲካ ግንኙነት ሙሉ ክብር የሌለው ስንብት ተሰጣቸው። ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1958 ዓ. ም. ማርች 3 ቀን በሰጠው ፍርድ፣ ሚኒስትሩ የስንብቱን ዐይነት የሚወስነው ከወታደሩ የአገልግሎት መዝገብ ብቻ ተነሥቶ መሆን እንዳለበት፣ ሚኒስትሩም ከሥልጣኑ ወሰን ካለፈ ፍርድ ቤት ሊያይበት እንደሚችል አስታወቀ። በዚህ ፍርድ አንድ ትልቅ ነገር ታወቀ፤ የተጻፈው ምክንያት የሚመዘነው ሰውየው በሠራዊቱ ውስጥ በሠራው ሥራ እንጂ ስለ እርሱ በተወራው ወሬ አይደለም።

በመጨረሻም የአሮጌዎቹ መዝገቦች ተራ ደረሰ። በ1970 ዓ. ም. ጆን ዊቨር የተባሉ ደራሲ ስለ ብራውንስቪል ጉዳይ የምክር ቤቱን የምርመራ መዝገብ አንብበው፣ ወታደሮቹ በሐሰት እንደ ተወነጀሉ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያም የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ኦገስተስ ሆኪንስ በ1971 ዓ. ም. ጉዳዩ እንዲታይ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። የምድር ጦር ሚኒስቴርም ነገሩን መርምሮ በ1972 ዓ. ም. ሴፕቴምበር 28 ቀን የ167ቱ ስንብት ወደ ክብር ስንብት እንዲለወጥ አዘዘ። ውሳኔው የተመሠረተው ተኳሹ እገሌ ነው በሚል አዲስ ግኝት ላይ አልነበረም፤ ሰዎችን በጅምላ መቅጣት የተገባ አይደለም በሚል መሠረተ ሐሳብ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ከተሰናባቾቹ ወታደሮች ከሞት ተርፈው ውሳኔውን ሊሰሙ የቻሉት እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ወደ ሠራዊቱም ሳይመለሱ ከቀሩት በሕይወት የተገኙት ዶርሲ ዊሊስ ብቻ ነበሩ። ስንብቱ ሲደርስባቸው የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ሲሰረዝላቸው ደግሞ 86 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከሠራዊቱ ወጥተው በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ የፀጉር አስተካካይ ቤት ጫማ እየጠረጉና እየተላላኩ ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ኖረዋል። በ1973 ዓ. ም. ኮንግረስ 25,000 ዶላር እንዲከፈላቸው፣ ለሞቱት ሚስቶችም 10,000 ዶላር እንዲሰጥ ወሰነ። አዛውንቱ በ1977 ዓ. ም. ዐረፉ። ሚንጎ ሳንደርስ ግን ከሞተ 40 ዓመት አልፎት ነበር፤ በሕይወቱ ሳለ የተነፈገውን ጡረታም ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

የፍሊፐር ጉዳይ ደግሞ ዘመዶቹና ደጋፊዎቹ፣ ከእነርሱም መካከል አንድ የጆርጂያ መምህር፣ ለምድር ጦሩ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ባቀረቡት ማመልከቻ ተነሣ። ቦርዱ በ1976 ዓ. ም. የሰጠው ውሳኔ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። የጦር ፍርድ ቤቱን የጥፋተኛነት ፍርድ ለመሻር ሥልጣን የለኝም አለ፤ ነገር ግን ቅጣቱ ከመጠን ያለፈና የማይገባ እንደ ነበረ ተቀብሎ፣ ፍሊፐር በ1882 ዓ. ም. ጁን 30 ቀን በክብር እንደ ተሰናበተ ሆኖ እንዲጻፍ አደረገ። ዐፅሙም በ1978 ዓ. ም. ከአትላንታ ወጥቶ በተወለደበት በቶማስቪል በወታደራዊ ክብር ዐረፈ። የቀረውን የጥፋተኛነት ፍርድ በተመለከተ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1999 ዓ. ም. ፌብሩዋሪ 19 ቀን ምሕረት ሰጡ፤ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለሞተ ሰው ምሕረት ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ የስንብቱን ምክንያት ለማረም 94 ዓመት፣ ከፍርዱ ጥላ ለማውጣት ደግሞ ሌላ 23 ዓመት አስፈለገ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። አንደኛ፣ ምክንያት የሚጽፍ ባለ ሥልጣን መልስ ሊሰጥበት የሚቻል ምክንያት መጻፍ አለበት። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ሥራ ሠርቷል» የተባለ ሰው አልሠራሁም ብሎ ምስክር ሊያቀርብ ይችላል፤ «ከባልንጀሮቹ ጋር ዝም ብሏል» የተባለ ግን ምን ይላል? ምክንያትን መሰወርም ከዚህ የሚሻል አይደለም። በአሜሪካ ሠራዊት የስንብቱ ምክንያት በወረቀቱ ላይ በምስጢር ቍጥር ይጻፍ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ቀጣሪዎች ግን የቍጥሩን ፍች ስላወቁት ለብዙዎች መሰናክል ሆነ፤ በ1974 ዓ. ም. ቍጥሩ ለተሰናባቹ በሚሰጠው ወረቀት ላይ መጻፉ እንዲቀር ተደረገ። ባለ ወረቀቱ ራሱ የማያነበውን ነገር ሌላው አንብቦ እንዲፈርድበት ማድረግ ከግልጽ ክስ የባሰ ነው።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ ሰሚው ምክንያቱን ከጻፈው እጅ የተለየ መሆን አለበት። ፍሊፐር ከ40 ዓመት በላይ የለመነው ጥፋት አልሠራሁም ለማለት ብቻ አልነበረም፤ የሠራሁትና የተጻፈብኝ ይመዘንልኝ ነው ያለው። ይህንን የሚመዝን ቋሚ ሰው ስላልነበረ ልመናው ከአንዱ የምክር ቤት ዘመን ወደ ሌላው ሲንከባለል ኖረ። ኋላ ያቃናለት ቦርድ ከተቋቋመ ግን፣ ነገሩን ለመወሰን የሚያስፈልገው ሁሉ በ1881 ዓ. ም. መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነገር ስለ መዝገብ ቤት ነው። የፍሊፐርን ክርክር ቃል በቃል የጻፈው ጸሓፊ፣ የብራውንስቪልን ምስክሮች ቃል ጠርዞ በመደርደሪያ ላይ ያኖረውም ሠራተኛ፣ ስማቸው በታሪክ አልተነሣም። ይሁን እንጂ ደራሲውም መምህሩም የምክር ቤቱም አባል የተደገፉት በእነርሱ ሥራ ነው። ሰውን ያዋረደው ጽሑፍ ነበር፤ ያቃናውም እንደ ገና ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየቢሮው ተቀምጦ በአንድ ሰው ስም አጠገብ ምክንያት የሚጽፍ ሁሉ፣ ያንን መስመር ከመቶ ዓመት በኋላ የማያውቀው አንባቢ ማስረጃውን ይዞ እንደሚመረምረው አስቦ ይጻፈው። ማስረጃው ካልተገኘም ከወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ ቢቀር ይሻላል።